ወረቀቱን በልታለች፣ አትምታት

ጥቅምት 3

ምንም የተለየ ነገር የሌለበት ቀን። ጋሼ ሥራ ቦታ ቀድሞኝ ደርሷል። አንድ ግቢ እየኖርን፣ በአንድ መስመር አውቶቡስ እየሄድን ሁሌ እንዴት እንደሚቀድመኝ አይገባኝም። ‹‹ዓይን ያለው ሰው መንገድ ላይ ብዙ የሚያየው አለበት›› ይላል። ታላቅ ወንድም ነውና ዝም እላለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም፤ ከዚያው ጊዜ ጀምሮ ነገር አያልፈውም።

ማተሚያ ክፍላችን ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ነው። ለዓይነ ስውራን በብሬይል መጽሐፍ እናትማለን። ጋሼ የታተመውን በጣቱ አንብቦ ስህተት ያወጣል፤ እኔ ኮምፒውተሮቹን እጠብቃለሁ። ማለት እሱ የሰውን ስህተት፣ እኔ የማሽንን። የሱ ይበዛል።

አሮጊቷ ማተሚያ ዛሬም ስታቃስት ዋለች። ነጥብ የምትወጋባቸው መዶሻዎች አልቀዋል፤ መለዋወጫ የሚሠራላት የለም። አዲስ ታዟል አሉ።

‹‹አልቅሺላት እንጂ›› አለኝ ጋሼ። ‹‹ምላስ የሰጠሻት አንቺ አይደለሽ?››

እውነቱን ነው። ስትመጣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባት ድራይቨር አልነበራትም። ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት። ከዚያ በነፃ ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅሁት። ‹‹ታናሽ›› ብዬ ፈረምኩ፤ ጋሼ የሚጠራኝ ስም ነው። ማን ይወስደዋል ብዬ... በዓለም ላይ ብሬይል ማተሚያ ያለው ሰው ስንት ነው?

ጥቅምት 6

አዲሷ መጣች። ነጭ፣ ትከሻዋ ክብ፣ ከላይ እስከ ታች በፕላስቲክ የተሸፈነች። ጋሼ ሽፋኑን ዳበሰና ‹‹ሙሽሪት›› አላት። ስሙ ጸደቀ።

አብሯት ሻጩ መጣ። ሽቶው ከሱ በፊት ገባ፣ ከሱ በኋላም ቀረ። ‹‹መሰካት ነው፣ ማተም ነው፣ በቃ!›› የድራይቨሩን ምንጭ ኮድ ጠየቅሁት።

‹‹የምን ምንጭ?››

‹‹ሰው የጻፈውን። ይሄ የሰጠኸኝ ኮምፒውተር ብቻ የሚያነበው ነው።››

የኩባንያው ምስጢር ነው አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሱም እንደማያውቀው ገባኝ።

ጫንኩት። ከርነሉ፣ ያ የኮምፒውተሩ ልብ፣ እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሞ ጠየቀ፦ ፈቃድህ ምንድን ነው? ድራይቨሩ ሳያፍር መለሰ፦ የግል ነው፣ ውስጤ አይታይም። ከርነሉ አስገባው፤ አስገባውና የገዛ ግንባሩ ላይ ምልክት አደረገ፦ ጎድፌያለሁ። ከእንግዲህ ቢታመም ከርነሉን የሚጽፉት ሰዎች አያክሙትም። ‹‹ያስገባኸውን እንግዳ ጠይቅ›› ነው መልሳቸው። ጭካኔ ይመስላል። ግን የማያዩትን ሆድ እንዴት ያክሙ?

ይህንኑ ለኃላፊያችን አስረዳሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በንባብ ክፍል ‹‹እሽሽ›› ሲሉ ስለኖሩ ከጀርባቸው ‹‹ፀጥታ›› ነው የምንላቸው።

‹‹ከርነላችን ጎድፏል›› አልኳቸው።

‹‹ታዲያ ለጽዳት ክፍሉ አልተነገረም?››

ሲቀልዱ ይሁን የምራቸውን ከፊታቸው አይነበብም። ዓመታት አብሬያቸው ሠርቼ ዛሬም አላውቅም።

ጥቅምት 8

የሙሽሪት መመሪያ ወፍራም ነው፣ ወረቀቱ ያብረቀርቃል። የብሬይል ማተሚያ መመሪያ... በብሬይል የለም። ጋሼ ሳቁን እስኪጨርስ ሻዬ ቀዘቀዘ።

እኔም አላነበብኩትም። መመሪያ የሚያነብ ሰው አለ እንዴ?

ጥቅምት 13

ጋሼ ማሽኗ አጠገብ ቆሞ ጆሮውን ጣል አድርጓል።

‹‹ይቺም እንደ አሮጊቷ ናት›› አለ። ‹‹ማስጀመሪያውን ስጫነው ትንፋሽ ትወስዳለች።››

‹‹ማሽን ሁሉ ይዘገያል፣ ጋሼ።››

‹‹መዘግየትና መጠበቅ አንድ አይደለም፣ ታናሽ።››

ፈላስፋ ሆኖብኛል። ሥራ ነበረኝ፣ ጥዬው ሄድኩ።

ጥቅምት 20

ከዋናው መሥሪያ ቤት ማሳሰቢያ መጣ። የድሮው ከርነል የደኅንነት ቀዳዳ ተገኝቶበታል፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ኮምፒውተር ሁሉ ይታደስ። ልክ ናቸው። ቀዳዳውን እኔም አይቼዋለሁ፤ ግመል ያሳልፋል።

ችግሩ፣ የሙሽሪት ድራይቨር አዲሱን ከርነል አያውቀውም። ለኩባንያው ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ መልስ፦ ‹‹ይህ ሞዴል በአዲሱ ከርነል ላይ ድጋፍ አይኖረውም። ተተኪውን ሞዴል ስናስተዋውቅዎ በደስታ ነው።›› ጫጉላዋ ሳያልቅ ጡረታ!

ምንጩ በእጄ ቢሆን የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር። የተዘጋ ስለሆነ ግን በሩን ቆሜ ማየት ነው። ያልታደሰው ኮምፒውተር ከመረብ ተለይቶ ይቀመጥልኝ ብዬ ዋናውን መሥሪያ ቤት ለመንኩ። ‹‹ያልታደሰ ኮምፒውተር ሕንፃው ውስጥ አይኖርም።›› ደረቅ ናቸው። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እላለሁ፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ለሁለተኛው መንፈቅ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ማተም አለብን። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች፣ ከነሥዕሉ፣ በሚዳሰስ ነጥብ። ጽሑፉ ገና እየተዘጋጀ ነው፤ ሲያልቅ ማሽኗ ዕቃ ሆና ትጠብቀናለች።

ለጋሼ ነገርኩት። የያዘውን ገጽ አስቀመጠ። ከዚያ፦

‹‹እኔ ጂኦሜትሪን የተማርኩት በወሬ ነው›› አለ። ‹‹ሦስት ማዕዘን የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ። አይቶት የሚያውቅ ሰው ነግሮኛል።››

ስቄ ነበር። እሱ አልሳቀም።

ጥቅምት 24

ይህን የምጽፈው በሳቅ ይሁን በንዴት ገና አልለየሁም።

ከምሳ በኋላ ሙሽሪት ወረቀት ቀረቀረች። እኔ ወዲያኛው ክፍል ነበርኩ። የጋሼ ኮምፒውተር የስህተት መልእክቱን ጮክ ብሎ ያነብለታል፣ ያ የተለመደው የባዕድ ድምፅ። ጋሼ ጠራኝ።

‹‹ታናሽ! ነይ እስቲ። ማሽኗ ስለ እኔ እያወራች ነው።››

‹‹ምን አለች?››

‹‹አታምኚኝም። ራስሽ ስሚ።››

አስደገምኩት። ድምፁ ቃላቱን ቢያጣምማቸውም አልጠፉኝም። ስክሪኑ ላይም አየሁት፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ የራሴ አማርኛ፦

ወረቀቱን በልታለች፣ አትምታት።

ያኔ፣ አሮጊቷ ወረቀት በቀረቀረች ቁጥር ጋሼ ቡጢ ያቀምሳት ነበር። እኔም ድራይቨሩን ስጽፍ ለወረቀት መቀርቀር የሚሆን መልእክት ሲያስፈልገኝ ይህን አስገባሁ። ለአንድ ሰው የተጻፈ፣ ለአንድ ቡጢ። ከባሕር ማዶ በታሸገ ሣጥን የመጣች ማሽን፣ ምስጢር ነው በተባለው ድራይቨር ውስጥ ሆና፣ በእናቴ ቋንቋ ወንድሜን ገሠጸችው!

‹‹በየአገሩ ስሜ ጠፍቷል ማለት ነው›› አለ ጋሼ። ተቀመጠና ጣቶቹን አየር ላይ ዘረጋጋ፣ እንደ ተከሳሽ። ‹‹መቼም አንዴ ነው፣ ቢበዛ ሁለቴ።››

በሳምንት፣ ሊል ፈልጎ ነው።

ጥቅምት 25

ለፀጥታ ነገርኳቸው። መሳቢያቸውን ከፍተው የሙሽሪትን መመሪያ አወጡ። አንብበውታል! ከዳር እስከ ዳር፣ በየገጹ ወረቀት ሰክተውበት። አንድ ገጽ ገልጠው አሳዩኝ። የስህተት መልእክቶች ሠንጠረዥ፤ ‹‹አትምታት›› መሃሉ ላይ ቁጭ ብላለች። አጠገቡ ማብራሪያ፦ ‹‹ይህን መልእክት ካዩ ክዳኑን ከፍተው ወረቀቱን ያውጡ።››

‹‹እኔ የነሱ ቋንቋ መስሎኝ ነበር›› አሉ።

ታዲያ ምን ሊሆን ነው? አሉኝ። አስረዳሁ። ፈቃዱ እንዲህ ነው፦ ውሰዱ፣ ቀይሩ፣ ሽጡም ብትፈልጉ። ግን ለሌላ ስታስተላልፉ ምንጩን አትደብቁ፤ እናንተ ያገኛችሁትን መብት ለተከታዩ ስጡ። (ይህን ነገር ሰው ሁሉ በምግብ አሠራር ምሳሌ ነው የሚያስረዳው። ምሳ ሰዓት ተቃርቦ ስለነበር ተውኩት።)

‹‹እና አንቺ ምን ታገኛለሽ?››

‹‹ምንም።››

‹‹ይሄማ ፈቃድ አይደለም፣ ጽድቅ ነው።››

ምንጩን ልጠይቃቸው ነው አልኩ። ፀጥታ መመሪያውን ዘጉና ‹‹በትሕትና›› አሉ። ሁለቴ አሉት።

በትሕትና ጻፍኩ። እንደ ደንበኛ፣ በመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ማኅተም ያለበት። አራት ቦታ ላይ ‹‹እባክዎን›› አለ፤ ጋሼ ሲሰማው ‹‹ለማኝ አስመሰልሽን›› አለ።

ጥቅምት 29

መልስ መጣ። ‹‹ስለመረጡን እናመሰግናለን። ጥያቄዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው።››

ጋሼ፦ ‹‹አስፈላጊ የሆነ ነገር እንዲህ አይባልም። አስፈላጊ የሆነ ነገር ሲመጣ ሰው ይደነግጣል።››

ኅዳር 5

ሻጩ በአካል መጣ። ስጦታ ይዟል፤ የኩባንያው ዓርማ ያለበት የግድግዳ ሰዓት። ለዓይነ ስውራን ማተሚያ ክፍል። ጋሼ ተቀብሎ መስታወቱን ዳሰሰ፣ ዳሰሰና ‹‹በጣም ለስላሳ ሰዓት ነው›› አለ፤ ‹‹ስንት ነው የሚለው?››

ሻጩ ሰዓቱን ነገረው። በጨዋ ደንብ አመሰገነው።

‹‹እኛ እኮ ቤተሰብ ነን›› አለ ሻጩ። ‹‹በትንሽ ቃል ምክንያት...››

‹‹ቤተሰብ ከሆንንማ ውርሱን አሳዩን›› አለ ጋሼ። ‹‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።››

‹‹ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ለሚመለከተው አካል...››

‹‹ጋሼ የምትለኝ አንተ ማን ሆነህ ነው? ለሷ ነው ጋሼ የሆንኩት።››

ሻጩ ወጣ። ሽቶው ተቀመጠ። ሰዓቱን ፀጥታ ወሰዱት፤ ማምሻውን ሳየው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ነው። ወደ ኋላ ይቀራል።

ኅዳር 11

የጠበቃው ደብዳቤ። ወረቀቱ ከኛ የብሬይል ወረቀት ይወፍራል።

‹‹በሁለት ሥራዎች መካከል የቃላት መመሳሰል በአጋጣሚ ሊከሰት ይችላል። ምርታችን ከተጠቀሰው ድራይቨር አንድም መስመር አልወሰደም።›› ቀጥሎ፣ የሽያጭ ውሉ የድራይቨሩን ውስጥ መመርመር ይከለክላል፤ የመረመረ ዋስትናውን ያጣል።

አጋጣሚ! አንድ ቀን ባሕር ማዶ አንድ ሰው ከእንቅልፉ ተነሣና በማያውቀው ቋንቋ ‹‹አትምታት›› ብሎ ጻፈ...

ለጋሼ አነበብኩለት። ‹‹ጠይቂልኝ እስቲ›› አለ፤ ‹‹የነሱን ማሽን የሚመታው ማነው?››

ፀጥታ ግን ፈሩ። አልፈርድባቸውም፤ ማሽኗን ለመግዛት የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ‹‹ተይው፣ ልጄ። መጽሐፉ ይታተም፣ ከዚያ እንነጋገራለን።›› መጽሐፉ የሚታተመው ምንጩ ከተገኘ ነው አልኩ። ‹‹እሱንም ተይው›› አሉ። ምኑን እንደምተው አላውቅም።

ኅዳር 13

የድሮ ድራይቨሬን አውጥቼ በሙሽሪት ላይ ሞከርኩት። በራሴ ሥራ መመራመር የሚከለክለኝ ጠበቃ አልተወለደም። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ዝምድናቸው ያስታውቃል። አንድ ገጽ በሥርዓት አተመች። ከወረቀቱ በሁለቱም በኩል አትሚ ስላት ግን የጀርባውን ነጥብ ከፊቱ ላይ ደረበችው። ያንን የጨመረው ኩባንያው ነው፣ እኔ አላውቀውም። ጂኦሜትሪው ደግሞ ሥዕሉ በአንድ በኩል፣ ማብራሪያው በጀርባው ነው።

ጋሼ ገጹን ዳሰሰ። ‹‹ምን ይላል?›› አልኩት።

‹‹ሁለት ሰዎች እኩል ሲያወሩ።››

ኅዳር 16

ምንም። ከርነሉ እንደጎደፈ ነው። እኔም።

ኅዳር 19

ይህን ቀን በቀይ ማስመር ነበረብኝ፤ ቀይ እስክሪብቶው ፀጥታ ጋ ነው።

ጠዋት ‹‹ታናሽ›› በሚለው አድራሻዬ፣ ኢንተርኔት ላይ በለቀቅሁት ድራይቨር ራስጌ ላይ ዱሮ ጽፌ በተውኩት፣ ደብዳቤ አገኘሁ። ከማላውቀው መሐንዲስ። የሚሠራበትን ኩባንያ ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ከዚያ ተቀመጥኩ። በኛ ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ነው የሚለው፦

‹‹ውድ ታናሽ፣ ድራይቨርዎን ለዓመታት ስንጠቀምበት ኖረናል፤ ግሩም ሥራ ነው። አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ማተም ከመጀመሩ በፊት ያለምንም ምክንያት ቆሞ የሚጠብቅበት መስመር አለ። አለቆቼ ፍጥነት ይፈልጋሉ። እኛ ግን ምክንያቱን ስላላወቅነው ለመንካት ፈራን። ቢወጣ ችግር አለው?››

አንድም መስመር አልወሰድንም ያለው ጠበቃ ፎቅ ላይ፤ የወሰድነው መስመር ለምን ነበር የሚለው መሐንዲስ ምድር ላይ። አሳንሰሩ ተበላሽቶ መሆን አለበት። ቅሬታ ያቀረበችው ደንበኛና ‹‹ታናሽ›› አንድ ሰው መሆናቸውን ምስኪኑ በምን ይወቅ?

ሮጬ ፀጥታን ወደ ምድር ቤት አወረድኳቸውና አነበብኩላቸው። ጮኹ! ፀጥታ ጮኹ። ከላይ ካለው ንባብ ክፍል አንድ ሰው ወርዶ ‹‹እባካችሁ›› አለን።

‹‹ለጠበቃው ላኪለት! አሁኑኑ!››

ጣቴ መላኪያው ላይ ነበር። ጋሼ ነው ያስቆመኝ።

‹‹መጀመሪያ ሰውዬው ለጠየቀው መልሺለት። ጠያቂ ጠላት አይደለም።››

‹‹ጋሼ፣ ማስረጃ ነው እኮ!››

‹‹ለጠበቃው ብትልኪው ማን ይባረራል? ጠበቃው? አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል። በቅንነት ነው የጻፈልሽ፤ ማን መሆንሽን ንገሪው፣ ከዚያ የሚያደርገውን ራሱ ያድርግ።››

ፀጥታ ቀይ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። ‹‹ወንድምሽ ልክ ነው›› አሉ። ‹‹በጣም ያሳዝናል፣ ግን ልክ ነው።››

ከሰዓት በኋላ ጻፍኩ፦

‹‹መስመሩ የተጻፈው ለወንድሜ እጅ ነው። ዓይነ ስውር ነው። ማስጀመሪያውን ከተጫነ በኋላ ወረቀቱ መሃል መቀመጡን አንዴ ደግሞ በጣቱ ሳያረጋግጥ አይተዋትም። አንድ ቀን የድሮዋ ማሽን ጣቱን መታችው። ከዚያ ወዲህ እጁን እስኪያነሣ እንድትጠብቅ አደረግኋት። ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

በተጨማሪ፣ ጠበቃችሁ ‹አንድም መስመር አልወሰድንም› ብሎ የጻፈላት ደንበኛ እኔ ነኝ። ደብዳቤውን አያይዣለሁ። የምፈልገው ምንጩን ብቻ ነው፤ የምናትመው መጽሐፍ አለን። ችግር ውስጥ ልከትዎ አልፈልግም። ይህን ለማን እንደሚያሳዩ እርስዎ ይወስኑ።››

ላክሁ።

ኅዳር 22

የለም።

ኅዳር 27

የለም። ጋሼን ‹‹ቢቀር የሰው እንጀራ አልቆረጥንም›› አልኩት። ‹‹መጽሐፉን የሚጠብቁትስ ልጆች?›› አለ። ያን ቀን ለጠበቃው እንዳልልክ ከልክሎኝ ሲያበቃ! ሁለቱንም እኩል ማሰብ የሚችል ሰው አጠገብ መኖር አድካሚ ነው።

ታኅሣሥ 2

መለሰ።

‹‹ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ማሰብ ነበረብኝ፤ ከባለቤቴም ጋር መማከር። በመጨረሻ የእርስዎን ደብዳቤና የጠበቃችንን ደብዳቤ አትሜ፣ ራሴ ይዤ ገብቼ፣ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንብቧቸው ጠበቃውንና የክፍላችንን ሰዎች አስጠራ። ከዚያ ጠበቃው ‹ከኮድ ጸሐፊዎቹ ይህን የሚያውቅ ነበር?› አለ። ሁላችንም ጫማችንን አየን። ምንጩ እንዲለቀቅ ተወስኗል። እኔ እስካሁን ሥራዬ ላይ ነኝ።

መስመሩ ላይ ከኔ በፊት የነበረ ሰው ማስታወሻ ጽፎበታል፦ ‹ለምን እንደሆነ አላውቅም። አትንኩት።› ከሥሩ ሌላ ሰው፦ ‹እኔም።›

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ያ የወረቀት መልእክት ምን ማለት ነው? የደንበኛ አገልግሎታችን ሠራተኞች ለዓመታት በስልክ ሲደጋግሙት ኖረዋል። አንዷ እንደ ጸሎት ትለዋለች።››

ለጋሼ ሳነብለት መሃረቡን አወጣ። ጉንፋን ይዞኛል አለ። አልያዘውም።

ትርጉሙን ልኬለታለሁ። መቺው ሰው ማን እንደሆነ አልገለጽኩም፤ ስሙ የበቃውን ያህል ጠፍቷል።

ታኅሣሥ 9

ምንጩ ወጥቷል። በአደባባይ፣ ለማንም፣ በዚያው በነፃው ፈቃድ። ኩባንያው ከራስጌው ላይ ፍቆት የነበረው ‹‹ታናሽ›› ተመልሶ ተጽፏል።

ሁለት ቀን ሙሉ አነበብኩት። የራስን ድሮ የተጻፈ ኮድ በሌላ ሰው ቤት ማግኘት... ከቤት የወጣች ድመት ጎረቤት ተቀምጣ፣ ወፍራ፣ ሌላ ስም ተሰጥቷት እንደማየት። የጀርባውን ማተሚያ እንዴት እንደሠሩት አየሁ። ብልህ ነው። እውነቱ ይነገር፣ ከኔ ክፍል ይሻላል።

ለአዲሱ ከርነል አስተካክዬ ጫንኩት። ከርነሉ በር ላይ ጠየቀ፣ ድራይቨሩ መለሰ፣ ገባ። ምልክት የለም። ግንባሩ ንጹሕ።

ለፀጥታ ‹‹ጸድቷል›› አልኳቸው።

‹‹ማን ጠረገው?›› አሉ።

አሁንም አላውቅም!

ታኅሣሥ 12

መሐንዲሱ ጽፎ ነበር። የእጅ መጠበቂያው መስመር ዛሬም የሚያስፈልግ ከሆነ ይቆያል፤ ካልሆነ አለቆቹ ቢወጣ ይወዳሉ። ‹‹ወንድምዎን ይጠይቁልኝ›› ይላል። የአንድ ኩባንያ ፍጥነት በጋሼ ቃል ተንጠልጥሏል።

‹‹አውጪው፣ አውጪው›› አለ ጋሼ፣ እጁን እያወናጨፈ። ‹‹እጄን ማስገባት ካቆምኩ ስንት ዘመኔ! ልጅነት ነበር። ደግሞ ሙሽሪት ክዳን አላት፣ እንደ አሮጊቷ ገላጣ አይደለችም። ዓለም በኔ ጣት ምክንያት አይዘገይ።››

ክዳን እንዳላት ረስቼው ነበር። እውነት ነው፣ ስትመጣ ነበራት።

መጀመሪያ እዚሁ ልሞክረው ብዬ መስመሩን አወጣሁት። ነገ ጠዋት ፈትሼ ለመሐንዲሱ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 13

ኮቴን ሳላወልቅ ጩኸት።

‹‹ነከሰችኝ!››

ጋሼ ማሽኗ ፊት ቆሞ አመልካች ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶታል። እግዜር ይመስገን፣ ጫፉን ብቻ ነው ያገኘችው፤ አንድ ነጥብ በደንብ ታትሞበታል።

‹‹እጅህ ምን ሊሠራ እዚያ ገባ?››

‹‹የት?››

‹‹ማሽኗ ውስጥ!››

‹‹እኔ እንጃ። ራሱ ነው የገባው።››

‹‹ክዳኑስ?››

‹‹የትኛው ክዳን?››

ክዳኑ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ቆሟል፣ ከነብሎኖቹ፣ ላዩ ላይ የጋሼ ኮት ተሰቅሎበት። ሙሽሪት በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ‹‹ወረቀቱን ይጋርደኛል›› ብሎ በመፍቻ ነቅሎታል። እኔም በየቀኑ አጠገቡ ሳልፍ ኮት መስቀያ መስሎኝ! ዓይን ያለው ሰው መንገድ ላይ የሚያየው ብዙ ነው አይደል...

ከጥቅምት ጀምሮ በየጠዋቱ፣ በየገጹ፣ እጁን ሲያስገባ ኖሯል። ሙሽሪትም በየገጹ ስትጠብቀው። መዘግየትና መጠበቅ አንድ አይደለም ብሎኝ ነበር እኮ።

‹‹የቸኮለ አፍሶ ለቀመ›› አልኩት፣ ጣቱን በፋሻ እየጠቀለልኩ።

‹‹ምን አስቸኮላት ግን?›› አለ። ከልቡ ነው የጠየቀው። ከፍቶታል።

መስመሩን መለስኩት። ከላዩ የነበሩትን ሁለት ማስታወሻዎች ‹‹አላውቅም››ን እና ‹‹እኔም››ን አልነካሁም፤ ታሪክ ናቸው። ከሥራቸው ጨመርኩ፦ ‹‹እጅ አለ። ጠብቂ።›› ለመሐንዲሱ ላክሁ። ሻይ ሳልጨርስ መልሱ መጣ፤ ‹‹ተቀብያለሁ›› ይላል፣ በቃ። ቀጥሎ ሌላ፦ ‹‹ጣቱ ደህና ነው?››

ክዳኑንም ልገጥመው ነበር። ጋሼ ኮቱን የት እንደሚሰቅል ጠየቀኝ። መፍቻውን መልሼ አስቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 20

ጂኦሜትሪው መታተም ጀመረ።

የመጀመሪያው ገጽ ሲወጣ ፀጥታ ራሳቸው ወርደው ቆሙ። ጋሼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈና በፋሻ በታሰረው ጣቱ ሳይሆን በሌሎቹ ጀመረ። አንዱን ጎን ሄደበት፤ ጫፉ ላይ ዞረ፤ ሁለተኛውን ሄደ፤ ዞረ፤ ሦስተኛውን። ከተነሣበት ደረሰና ቆመ። እንደገና ዞረው። ‹‹እሽሽ›› የሚል አላስፈለገም።

‹‹ወሬው እውነት ነው›› አለ።

ከዚያ ተመልሶ ጋሼ ሆነ። ‹‹የግራው ጎን አንድ ነጥብ ጎድሎታል። ይሄ እንዲህ ለልጆች አይሄድም።››

ነጥቡን ጨመርኩ። አዲስ ወረቀት አስገባ፣ ማስጀመሪያውን ተጫነ፣ እጁን ሰደደ። ሙሽሪት ዝም ብላ ቆመች። ስማቸውን በማላውቃቸው ከተሞች ያሉት እህቶቿም፣ ለማን እንደሆነ ሳያውቁ፣ በዚህ ሰዓት እንዲሁ እየቆሙ ይሆናል።

ወረቀቱን ዳሰሰ። መሃል ነው። እጁን አነሣ።

ጀመረች።